የካርቶን ዓሣዬ፦ ሦስተኛው ሙከራ

ሁለት ካርቶን አበላሽቼ መጥፋቴን ታስታውሳላችሁ። ይኸው ተመልሻለሁ።

ለአዲሶች፦ የምሠራው ሳጥን ዓሣ ነው። ጅቡቲ ለሥራ ሄጄ፣ ሙሻ ደሴት አጠገብ የዋና መነጽር አድርጌ ፊቴን ውኃ ውስጥ ስነክር አየሁት። ከመዳፌ አይበልጥም። ጎኑ ሰማያዊ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ተረጭቶበታል። መኖሪያው ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ነው፤ አድጎ አድጎ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1828። ሰውዬው በኋላ እኛ አገር ድረስ መጥቶ ጭላዳንና ዋልያን የመዘገበው ነው። ሳነብ የአገር ሰው ያገኘሁ መሰለኝ።

መጀመሪያ ማርባት አምሮኝ ነበር። ግን ይሄ ዓሣ ሲደነግጥ ከቆዳው መርዝ ይለቃል። ጠባብ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ከሆነ ጎረቤቶቹን ጨርሶ ራሱም ሊሞት ይችላል። ደግሞስ ድሬ ላይ የባሕር ውኃ ከየት ይመጣል? ካርቶን ግን ታይዋን ገበያ ሞልቷል።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ወገቡ እንደ ቆሮሶ የሚተጣጠፍ ነበር። ስህተት! የዚህ ዓሣ ቅርፊቶች እርስ በርስ ተጣብቀው ደረቅ ሳጥን ሆነዋል። ክፍት የተተወው ለአፍ፣ ለዓይን፣ ለመተንፈሻ፣ ለክንፎቹና ለጭራው ነው። ወገቡ ስለማይታጠፍ በክንፎቹ እየቀዘፈ ይሄዳል። ጭራው በአብዛኛው መሪ ነው፤ መሸሽ ሲመጣ ብቻ ነው የሚገፋበት።

ሁለተኛው የባሰ ነበር። ቅርፊቶቹ ባለ ስድስት ጎን ናቸው ሲባል ሰምቼ ሁሉንም ስድስት ጎን አድርጌ ቆረጥኩ። ሳገጣጥማቸው ዝርግ ሆነው ቀሩ። የጎረቤት ልጅ አየር የወጣ ኳሱን ታቅፎ መጣና «አቦ ጋሼ፣ ይሄ ዓሣ ነው ወይስ ሴራሚክ?» አለኝ። ተናደድኩ። ከዚያ ዓይኔ ኳሱ ላይ አረፈ። የድሮው ዓይነት ጥቁርና ነጭ ነው፦ 20 ባለ ስድስት ጎን፣ 12 ባለ አምስት ጎን። ለካ ኳሱን የሚያጎብጡት አምስቶቹ ናቸው! የዓሣውን ፎቶ አጉልቼ ሳየው እሱም ሁሉም ስድስት አይደለም፤ መሃል መሃል ላይ አምስትና ሰባት ጎን ያላቸው ተሰክተዋል።

በሦስተኛው ማዕዘኖቹ ላይ አምስቶችን አስገባሁ፤ ሳጥኑ ገጠመ። የድሬ ሙቀት ለሰው ባይሆንም ለኮላ ጥሩ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል። ክንፎቹን በክር አሰርኳቸው፤ ፋን ሲከፈት ይንቀሳቀሳሉ።

የቀረኝ አፉ ነው። ሾጠጥ ያለ፣ ለመሳም የተዘጋጀ የሚመስል ትንሽ አፍ አለው። የሃይላንድ ክዳን ለጥፌ ሁለቴ ወደቀብኝ። ካርቶን ላይ ፕላስቲክ የሚይዝ ነገር የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ልጁ ቀለም እስክቀባ እየጠበቀኝ ነው።