ካሜራዬ ለምን ይደርቅ እንደነበር የደረስሁበት መንገድ

ካሜራዬ ድርቅ ማለት የጀመረው በድንገት ነው። ማንሻውን ስጫን ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ) አንድ ጊዜ ድምፅ ያሰማል፣ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ከዚያ በኋላ የትኛውንም ቁልፍ ብነካ መልስ የለም። ማብሪያ ማጥፊያውን ብመልሰውም አይጠፋም። የሚነቃው ባትሪው ወጥቶ ሲገባ ብቻ ነበር፤ ከነቃም በኋላ ጥቂት ፎቶዎች አንሥቶ ተመልሶ ይደርቃል።

ባትሪ ስለማውጣት አንድ ነገር ላስቀድም። ከሜሞሪ ካርዱ ማስገቢያ አጠገብ ያለችው ትንሽ መብራት በርታ ከሆነ ካሜራው በካርዱ ላይ እየጻፈ ነው። በዚያ ቅጽበት ኃይሉን መቁረጥ የመጨረሻውን ፎቶ ብቻ ሳይሆን የካርዱን የፋይል ማውጫ በሙሉ ሊያበላሽ ይችላል። መብራቷ እስክትጠፋ መጠበቅ ይገባል፤ ደቂቃዎች አልፈው ካልጠፋች ብቻ ነው ባትሪውን ማውጣት።

ደግሞም የቆመ የሚመስል ካሜራ ሁሉ የደረቀ አይደለም። ሹተሩ ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ ሲነሣ የሚሠራው፣ በምስሉ ላይ የሚታዩትን ነጠብጣቦች የሚያጠፋው ማጥሪያ በርቶ ከሆነ፣ ለ30 ሰከንድ ፎቶ ያነሣ ካሜራ ሌላ 30 ሰከንድ በጨለማ ይሠራል፤ በዚያ ጊዜ ማንሻውን ቢጫኑት አይታዘዝም። በተከታታይ ሲነሣም ጊዜያዊ ማከማቻው ይሞላና ወደ ካርዱ እስኪያራግፍ ያስጠብቃል። እንዲህ ያለው መዘግየት በራሱ ጊዜ ያልፋል። የእኔው ግን የቱንም ያህል ብጠብቀው አላለፈም።

ስለዚህ ማስታወሻ ደብተር ያዝሁ። ካሜራው በደረቀ ቁጥር የትኛው ሌንስ እንደነበረ፣ ዙሙ የት ላይ እንደነበረ፣ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን፣ ካርዱንና ባትሪውን እጽፍ ነበር። ሳይደርቅ በደንብ የሠራበትንም ጊዜ ጻፍሁ፤ ኋላ ላይ ይበልጥ የጠቀመኝ ይኸኛው ነው። ሰው በዚህ ጊዜ የሚፈተነው ካርዱንም ባትሪውንም ለውጦ፣ ቅንብሩንም ሁሉ ወደ ፋብሪካው መልሶ በአንድ ጊዜ ለመገላገል ነው። ችግሩ ቢጠፋ እንኳ የትኛው እንዳዳነው አይታወቅም፤ ሲመለስም ፍለጋው ከዜሮ ይጀምራል። እኔ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እለውጥ ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት ካርዱን ነው። ፎቶዎቹን ወደ ኮምፒውተር ከገለበጥሁ በኋላ እዚያው ካሜራው ውስጥ ፎርማት አደረግሁት። በኮምፒውተር ፎርማት የተደረገ ካርድ አንዳንድ ጊዜ ለካሜራው በማይስማማ አሠራር ይዘጋጃል፦ እስከ 32 ጊጋባይት ያሉት ካርዶች ፋት 32 የሚባለውን ሥርዓት፣ ከዚያ በላይ ያሉት ኤክስፋት የሚባለውን ይጠቀማሉ፤ የቆየ ካሜራ ደግሞ ሁለተኛውን ላያውቀው ይችላል። ቀጥሎ ኤፍ 3 በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ካርዱን ፈተንሁት። ፕሮግራሙ ካርዱን እስከ አፉ ሞልቶ የጻፈውን መልሶ ያነባል። ሐሰተኛ ካርድ 128 ጊጋባይት ነኝ ብሎ እውነተኛ ቦታው የዚያ ጥቂት ክፍል ሊሆን ይችላል፤ ከልኩ በላይ የተጻፈው ሁሉ ደብዛው ይጠፋል። የእኔ ካርድ ፈተናውን አለፈ።

ካርዱን ሙሉ በሙሉ ነጻ ያወጣው ግን ከዚህ የቀለለ ሙከራ ነው። ብዙ ካሜራዎች ያለ ካርድ እንዲያነሡ የሚፈቅድ ምርጫ በማውጫቸው ውስጥ አላቸው። ያንን አበራሁና ካርዱን አውጥቼ አነሣሁ። ደረቀ። በሌለ ካርድ ማመካኘት አይቻልም።

ወደ ባትሪው ዞርሁ። እንደኔ ካሜራ ባሉት ውስጥ የሚገባው ሊቲየም ባትሪ ሁለት ሴሎች ያሉት ሲሆን የተለመደ መጠኑ 7.2 ቮልት አካባቢ ነው። ሲያረጅ የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታው የውስጥ ተቃውሞው ይጨምራል፤ ሥራ ፈትቶ ሳለ ስክሪኑ ላይ ሙሉ ሆኖ ይታያል፣ የሌንሱ ሞተር፣ ሹተሩና ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ ሲስቡት ግን ቮልቱ ይወርዳል። በብርድ ጊዜ ይብሳል። ከጓደኛዬ ተውሼ አዲስ ባትሪ አስገባሁ፤ ለውጥ የለም። የካሜራውን ፈርምዌር (ካሜራውን የሚያሠራውን የውስጥ ፕሮግራም) ያሳደስሁትም ከዚህ በኋላ ነው፤ ማሳደሱ መሃል ላይ ኃይል ከተቋረጠ ካሜራው ጨርሶ ላይነሣ ስለሚችል በሙሉ ባትሪ ብቻ መሠራት አለበት። እሱም አልረዳም።

ሌንሱን አውልቄ፣ የካሜራውን አፍ በክዳኑ ዘግቼ፣ በማንዋል ደጋግሜ አነሣሁ። አንድም ጊዜ አልደረቀም። ሌላ ሌንስ ስገጥምም እንዲሁ። ካሜራው ራሱ ጤነኛ መሆኑ እዚህ ላይ ገባኝ፤ ትልቅ እፎይታ ነበር።

በሌንሱና በካሜራው መካከል መልእክት የሚተላለፍባቸውን ወርቃማ ነጥቦች ካሜራውን አጥፍቼ አይሶፕሮፒል አልኮል በትንሹ በነካ ብናኝ በማይተው ጨርቅ ጠረግሁ። በላጲስ ማሸት የሚመክሩ አሉ፤ እኔ አልስማማም፤ ፍርፋሪው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ስስ የሆነውን ወርቅም ይፍቃል። ከጠረግሁ በኋላም ደረቀ።

መልሱ የተገኘው ከደብተሩ ነው። ሌንሱ ከ24 እስከ 70 ሚሊሜትር የሚሄድ ዙም ነው። ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ በተከፈተበት በኤፍ 2.8 ባነሣሁባቸው ጊዜያት ሁሉ ካሜራው አንድም ቀን አልደረቀም፤ የደረቀው ከኤፍ 5.6 ጀምሮ (የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)፣ ያውም ዙሙ ወደ 70 ሲጠጋ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ሌንሱ እንዴት እንደሚሠራ ማሰብ ይበቃል። ፎከስ ስናደርግና በመመልከቻው ስናይ ብርሃን እንዲበዛ የሌንሱ ምላጮች፣ ማለትም ቀዳዳውን የሚያጠቡት ስስ ቅጠሎች፣ ክፍት ሆነው ይቆያሉ፤ ወደተመረጠው መጠን የሚጠቡት ፎቶው በሚነሣበት ቅጽበት ብቻ ነው። በኤፍ 2.8 ሲነሣ የሚንቀሳቀስ ምላጭ የለም፤ ስለዚህ የተበላሸ ነገር ቢኖርም አይጋለጥም።

ካሜራዬ ፎቶ ሳያነሣ ምላጮቹን የሚያጠብ ቁልፍ አለው፤ የጥልቀት መመልከቻ ነው። ቀዳዳውን በኤፍ 11 አድርጌ፣ በሌንሱ ፊት እያየሁ ተጫንሁት። በ24 ላይ ምላጮቹ በሥርዓት ተሰበሰቡ። ወደ 70 አዙሬ ስጫን ምንም አልተንቀሳቀሰም፤ ካሜራው እዚያው ደረቀ።

ምላጮቹን ለሚያንቀሳቅሰው ክፍል ትእዛዝ የሚያደርሰው እንደ ወረቀት የሳሳ ተጣጣፊ ሽቦ ነው። ዙሙ በተሽከረከረ ቁጥር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ በዓመታት ውስጥ ይሰነጠቅና በአንድ አቅጣጫ ሲገናኝ በሌላው ይቋረጣል። ይህ በዙም ሌንሶች ዘንድ የታወቀ ብልሽት ነው። ሌንሱን ራሴ አልፈታሁም፤ መስታወቶቹ በጥቂቱ ቢዛነፉ የምስሉ ጥራት ይበላሻል፣ መልሶ ማስተካከያ መሣሪያም የለኝም። ጠጋኙ ዘንድ ስወስደው የደብተሩን ገጽ አብሬ ሰጠሁት፤ ከፍቶ በቀጥታ ወደዚያው ሽቦ ሄደ፣ ተሰንጥቆም አገኘውና ለወጠው። ተራዬ እስኪደርስ በነበረው ጊዜ በኤፍ 2.8 ብቻ እያነሣሁ ሥራዬን ቀጥዬ ነበር።

ያለ ሌንስና ያለ ካርድ፣ በጤነኛ ባትሪም እየሠራ የሚደርቅ ካሜራ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ያኔ የሚጠረጠሩት ሹተሩና ዋናው ቦርድ ናቸው፤ በቤት ውስጥ ሙከራ ከዚያ ወዲያ መሄድ አያስፈልግም፣ ባለሙያ ማየት አለበት።