ጸሎቴ በማላውቃቸው ሰዎች ክንድ ተመለሰ

እግዚአብሔር ያደረገልኝን ልመስክር። ምስክርነት ሲባል ብዙዎቻችን ራእይ ወይም ድምፅ እንጠብቃለን። እኔ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም። የእኔ መልስ የመጣው ከሥራ ወጥተው፣ ልብሳቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ደም ለመስጠት በተሰለፉ ሰዎች በኩል ነው።

እናቴ የደም ካንሰር ታመመች። ኬሞቴራፒ ስትጀምር ፕሌትሌቷ አሽቆለቆለ። ፕሌትሌት ስንቆስል ደማችንን የሚያረጋው ነው። በጤነኛ ሰው አንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ይገኛል። የእናቴ ከ10,000 በታች ወረደ። እዚህ ከደረሰ ምንም ሳይነካት ልትደማ ትችላለች። ድዷ መድማት ጀምሮ ነበር። ጠዋት ትራሷን ለማየት እፈራለሁ።

ሐኪሙ አስቀምጦ አስረዳኝ። ቀይ የደም ሕዋስ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 42 ቀን ይቆያል። ፕሌትሌት ግን በክፍል ሙቀት፣ ያለማቋረጥ እየተወዛወዘ ነው የሚቀመጠው። ያም ሆኖ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ብቻ ያገለግላል። ባለፈው ወር የተሰጠው ለእናቴ አይደርስላትም ማለት ነው። በዚሁ ሳምንት አንድ ሰው ጊዜ አግኝቶ ክንዱን መዘርጋት ነበረበት። እኔ ደግሞ ደም ማነስ ስላለብኝ አይቀበሉኝም።

ማታ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ "ጌታ ሆይ፣ ወይ ፈውሳት፣ ወይ ሰው ላክ" አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ሰው ላከ። ጠዋት ነርሷ መጥታ "ተገኝቷል" አለችኝ። ከረጢቱ ላይ የለጋሹ ስም የለም፤ ቁጥርና የደም ዓይነት ብቻ። ቢጫ ነገር ነው፣ ደም እንኳ አይመስልም። ጠብ ጠብ ሲል እያየሁ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላም ባስፈለጋት ቁጥር ተገኘ። እኔ እንቅልፍ ሲያሸንፈኝም ጎረቤታችን ከሥራዋ በቀጥታ እየመጣች አጠገቧ ታድር ነበር። ስለ አሮንና ሖር፣ የሙሴን የዛለ እጅ ከግራና ከቀኝ ስለ መደገፋቸው፣ ስብከት ስንቴ ሰምቻለሁ! የገባኝ ግን እሷ ወንበሩን ተቀብላኝ "ሂጂ ተኚ" ስትለኝ ነው።

አሁን እናቴ ድናለች ለማለት ሐኪሞቹ ይጠነቀቃሉ። በምርመራ ግን ካንሰሩ አይታይም፤ ክትትሏን ቀጥላለች። ላከሟት ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እኔም ደም መስጠት ባልችል ለጋሾችን እመዘግባለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ለጥቂት ሰዓት። የጸሎቴን መልሶች በዓይኔ ያየሁት እዚያ ነው። ጊዜ ተርፎት የሚመጣ ሰው አላጋጠመኝም። ታክሲውን ደጅ አቁሞ የሚገባ ሹፌር አለ። በምሳ ሰዓቷ የምትሮጥ አስተማሪ አለች። ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ተራ በተራ እየጠበቁ ይሰጣሉ፤ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ውጭ ልጆቹን ታጫውታለች። ፕሌትሌት ብቻ በማሽን ለይቶ መስጠት ሁለት ሰዓት ገደማ ሊወስድ ይችላል። አንዱን ለጋሽ "እንዴት ይመቸሃል?" ብዬ ስጠይቀው "መች ይመቸኛል፤ ስልኬ ላይ እንደ ቀጠሮ እመዘግበዋለሁ፣ ሲጮህ እመጣለሁ" አለኝ። የታመመ ዘመድ የለውም፣ ማንም አልለመነውም።

እናቴም ጉልበት ሲኖራት አብራኝ ትመጣና የሚወጣውን ሁሉ ትመርቃለች። አንድ ወጣት ግራ ገብቶት "እማማ፣ እኔን ያውቁኛል እንዴ?" አላት።

"አላውቅህም ልጄ" አለችው፤ "ግን ያንተም ደርሶኝ ሊሆን ይችላል።"

ስሙ ይባረክ።