አባትየው ለምን እንቢ አለ? (ሦስተኛው ወር)

ሰላም ናችሁ? ኮዬ ፈጬ ከገባሁ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ማንበብ ነው። የዚህ ወር ወሬዬም ከዚያው ከሰልፉ የመጣ ነው።

እኔ የምጽፈውን፣ ባለፈው ያነበብኩላችሁን አጭር ልቦለድ ታስታውሳላችሁ። ልጅቷ እኛ ብሎክ አራተኛ ፎቅ፣ ልጁ ባጃጅ ነጂ፣ አባትየው «ሞቼ ነው ቆሜ!» ብሎ በሩን ድርግም። አንዳችሁ «ለምን?» ስትሉኝ መልስ አጣሁ። «ክፉ ስለሆነ» አልኩ፣ ለራሴም ሳይዋጥልኝ።

ስለዚህ አባት ልጁን ለወደደችው የማይሰጥበትን ሌላ ልቦለድ፣ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን፣ ገለጥኩ። እናቴ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምታ ታሪኩን ስለምትደጋግምልን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዳር እስከ ዳር ያነበብኩት ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን እርሳስ ይዤ በየሰው ስም አጠገብ «ምን ይፈራል?» ብዬ እየጻፍኩ ሄድኩ።

የሰብለ ወንጌልን አባት፣ ፊታውራሪ መሸሻን፣ ጉረኛ ብቻ አድርጌ ነበር የማስባቸው። ሰውየው የሚፈሩት መዋረድን ነው። ልጃቸውን ከዘራቸው ዝቅ ላለ ከሰጡ ቤታቸው የወረደ ይመስላቸዋል፣ ለእሳቸው ልጅን መውደድና ዘርን መጠበቅ አንድ ነገር ነው፣ ለዚህ ነው ማንም ሊያሳምናቸው የማይችለው። በዚህ መሃል የሰብለ ወንጌል ዕድሜ ይነጉዳል። ጉዱ ካሳ ደግሞ ይህን ሁሉ አይቶ ይናገራል፣ እነሱም እብድ ብለውት ያርፋሉ። (ተመችቷቸዋል!)

እኔን የያዘኝ ግን የሰብለ ወዳጅ በዛብህ ነው። አጥሩ ፊታውራሪ ብቻ የሆኑ ይመስለኝ ነበር። ለካ ገና ልጅ ሳለ ወላጆቹ እንዳያገባ ተስለውታል! ከክፋት አይደለም፣ ከፍቅር ነው። ስለዚህ ሰብለን በወደዳት ቁጥር የሚጣላው ከራሱ ጋር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን በ1958 ዓ.ም. አሳትመውታል፣ እኔ ዘንድሮም በር ድርግም እያስደረግኩ ነው።

ወደ ራሴ ልቦለድ አባት ተመለስኩና ያንኑ «ምን ይፈራል?» የሚል ጥያቄ ጠየቅኩት። ታላቋ ልጁ ቤሩት ናት። የኮንዶሚኒየሙ ቅድመ ክፍያም የታናሿ የኮሌጅ ክፍያም የእሷ ላብ ነው። ታናሿ ባጃጅ ነጂ ካገባች ለታላቋ ምን ይላታል? አሁን በሩን አይዘጋም። ልጅቷ ስትነግረው ተነስቶ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለውን የታላቋን ፎቶ ያነሳል፣ በጋቢው ጫፍ አቧራውን ይጠርጋል፣ መልሶ ያስቀምጣል፣ «እራት ይቅረብ» ይላል። አራት ጊዜ ጽፌ ነው እዚህ የደረስኩት። ንግግሩን በቀነስኩ ቁጥር እየከበደ መጣ።

ያልተፈታልኝ ባጃጅ ነጂው ልጅ ነው። አሁንም ብሎኩ ሥር ባጃጁን ከማጠብና ቀና ብሎ መስኮት ከማየት ሌላ ሥራ የለውም። ምን እንደሚፈራ ስጠይቀው ዝም ይለኛል። በሚቀጥለው ሳምንት የሰፈራችን ባጃጅ ተራ ሄጄ ከሾፌሮቹ ጋር ሻይ ልጠጣ አስቤያለሁ። የምትመጡ ካላችሁ ቅዳሜ ጠዋት ነው።