8 ሰዓት፣ ግን በማን?

ዛሬ ደባሪ ቀን ነው። ዝናቡ አላባራም። ፎጣዬን ካጠብኩት ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ አሁንም እርጥብ ነው። እዚህ ጃፓን ይህን የሰኔ ዝናብ «ፁዩ» ይሉታል። የእኛ ክረምት ቢያንስ ዘንቦ ዘንቦ ፋታ ይሰጣል፣ ጠዋት ላይ ፀሐይ ብቅ ትላለች። ይሄኛው ግን እንደተበላሸ ቧንቧ ቀኑን ሙሉ ያንጠባጥባል።

በዚያ ላይ የቆሻሻ መኪናው አመለጠኝ። እዚህ ሰፈር የሚቃጠል ቆሻሻ የሚወጣው ማክሰኞና ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ነው። ፕላስቲኩ ሌላ ቀን፣ ጠርሙሱ ሌላ ቀን። ትናንት ማታ እንዳልረሳ ብዬ ስልኬ ላይ አላርም ሞላሁ። 2 ሰዓት ብዬ። ስልኩ ምን ያድርግ፣ በእነሱ 2 ሰዓት፣ በድቅድቅ ሌሊት ጮኸ። ሰድቤው ተኛሁ።

ስነቃ መኪናው ሊሄድ ነው። ከረጢቴን አንጠልጥዬ በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። አልደረስኩም። ጎረቤቴ እማማ የቁራ መከላከያ መረቡን እያጠፉ ነበር። ከኢትዮጵያ ነኝ ያልኳቸው ዕለት «አበበ!» ብለው ያጨበጨቡት እሳቸው ናቸው። በፈረንጅ 1964 አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ሲሮጥ ልጅ ነበሩ። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ሁለት ወር ሳይሞላው ማራቶን አሸነፈ። የአገሩ ልጅ ደግሞ የቆሻሻ መኪና ያመልጠዋል። እማማ ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁኝ። እሳቸው ምን አጠፉ?

ከረጢቴን ይዤ ተመለስኩና የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። 8 ከ20። አዲስ አበባ፣ እማዬ ጋም 8 ከ20 ነው። የሌሊቱ።

ይሄ ነገር አሁንም አልለመደልኝም። አዲስ አበባና ጃፓን በ6 ሰዓት ይለያያሉ። እኛ ደግሞ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ነውና ከሌላው ሰው በ6 እንለያለን። ስድስቱ ከስድስቱ ጋር ይጣፋል። ናሪታ ያረፍኩ ዕለት የእጅ ሰዓቴን ላስተካክል ብዬ ቀና ስል የኤርፖርቱ ሰዓትና የእኔው አንድ ናቸው። ቆሞብኝ መስሎኝ ነቀነቅኩት። እስከ ዛሬ አልነካሁትም። ይህን ሁሉ ባሕር አቋርጬ መጥቼ የእማዬ ሳሎን ሰዓት እጄ ላይ ነው።

የዛሬ ሦስት ሳምንት እሁድ ማታ ደወልኩላት።

«እዚያ ስንት ሰዓት ነው?»

«8 ሰዓት።»

«እዚህም 8 ሰዓት ነው እኮ! አንተ ልጅ፣ ጃፓን ነኝ እያልክ ደብረ ዘይት ተደብቀህ እንዳይሆን።»

እኔ ጋ ጨልሟል። እሷ ጋ ቀን ነው፣ የቡናው ሲኒ ሲንኳኳ ይሰማኛል።

ከአበሾቹ ጋር ሲሆን ግን ጉድ ነው። ካትሱሺካ የሚባለው የቶኪዮ ሰፈር ብዙ የእኛ ሰው አለበት። «ቅዳሜ 9 ሰዓት ና» አሉኝ። ጃፓን አይደለን? ከጠዋቱ በእነሱ 9 ሰዓት በር አንኳኳሁ። ባለቤቱ በፒጃማ ወጣ። ለካ በሐበሻ ነበር፣ ከቀኑ 9። ስድስት ሰዓት ቀድሜ የደረስኩት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። አሁን ቀጠሮ ሲሰጡኝ «በማን?» እላለሁ። አገር ቤት «በፈረንጅ ወይስ በሐበሻ?» ብሎ መገላገል ነበር። እዚህ ፈረንጁ ማን ነው? ጃፓን ፈረንጅ ነው እንዴ?

ዓመቱም እንደዚያው ነው። አድራሻ ላስመዘግብ የሄድኩ ዕለት ቅጹ የልደት ዓመቴን በንጉሣቸው ዘመን ጠየቀኝ። የተወለድኩት በ1995 ነው። በፈረንጅ 2003፣ በእነሱ ሄይሴይ 15። ዘንድሮ፣ በፈረንጅ 2025፣ ደግሞ ሬይዋ 7 ነው። ሠራተኛዋ «ያስቸግራል፣ ይቅርታ» አለችኝ። ኧረ ምንም አይደል። ሁለት ካላንደር ተሸክሞ ላደገ ሰው ሦስተኛው ምኑ ነው።

ያን እሁድ ስልኩን ልዘጋ ስል እማዬ «መቼ ነው የምትመጣው?» አለችኝ።

«በሚቀጥለው ዓመት።»

ትምህርቱ የሚያልቀው በመጋቢት ነው፣ በ2026። በእኛም 2018 ስለሚሆን ውሸት የለበትም። እሷ ግን፦

«ውይ፣ ደረሰ በለኛ! መስከረም ሊጠባ ምን ቀረው?»

ድምፅዋ ተለወጠ። ዶሮ የምታመጣላትን ሴትዮ ከአሁኑ እንደምታናግር ነገረችኝ።

አላረምኳትም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደውያለሁ፣ ስለ ዝናብ ነው ያወራነው። ዛሬ ማታ 8 ሰዓት ላይ ደውዬ እነግራታለሁ።

ወይ እሁድ።