በልተናል ወይስ እንበላለን?

ጣና ዳር ባለ አንድ ሎጅ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። ከየአገሩ የተሰባሰቡ፣ እርስ በርሳቸው ኤስፔራንቶ በሚባል ሰው ሠራሽ ቋንቋ የሚግባቡ ቱሪስቶች አርፈውብን ነበር። ጠዋት ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሊያዩ በጀልባ ወደ ዘጌ ሲሄዱ አንዱ ደክሞት ቀረ። ስድስት ሰዓት ገደማ ለእሱ የተላከ መልእክት በእኛ ስልክ መጣ፦ «ኒ ማንጆስ ፖስቴ»። ሰውዬው ግን በባጃጅ ከተማ ወጥቷል።

ዋና ወጥ ሠሪያችን ጋሼ በጣና በለስ ፕሮጀክት ዘመን ለጣሊያኖች ያበስሉ ስለነበር ስልኩን ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉና «ማንጃሬ መብላት ነው፤ እዚያው በልተናል ነው የሚሉህ» ብለው ምድጃውን አጠፉ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ተመልሶ ፍሪጅ ገባ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንግዶቹ ከጀልባ ሲወርዱ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ምሳስ?» ሆነ።

ደግነቱ መሪያቸው ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህር ናቸው፤ እንዲያውም ነገሩ ደስ ሳይላቸው አልቀረም። ዓሣው እስኪጠበስ ሶፍት ላይ ይጽፉልን ጀመር። ጋሼ ሥሩን አልሳቱም። «ማንዱካሬ» በላቲን ማኘክ ነበር፤ ፈረንሳይኛ አሳጥሮ «ማንዤ» አደረገው፣ ጣሊያንኛም «ማንጃሬ»ን ያገኘው ከድሮው ፈረንሳይኛ ነው። ስፔኖች በሌላ የላቲን ግስ ሄደው «ኮሜር» ይላሉ። የዓይን ሐኪሙ ዛመንሆፍ እ.ኤ.አ. በ1887 ዋርሶ ላይ ኤስፔራንቶን ሲያሳትም ሥሩን ከእነዚህ ዘመዳሞች ተበደረ፤ መጨረሻውን ግን ራሱ ወሰነ፣ ለግስ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ዝንፍ የማይል። ማንጃስ አሁን፣ ማንጂስ ያለፈ፣ ማንጆስ ገና የሚመጣ። በእኛ ፊደል ጃ፣ ጂ፣ ጆ መሆኑ ነው፤ ምሳው የቀረው እዚያው ጀ ቤት ውስጥ ነበር። «ፖስቴ» ደግሞ በኋላ ማለት ነው። የካምፕ ጣሊያንኛ ለጊዜ ብዙም አይጨነቅም፤ በጋሼ አልፈርድም።

ዓሣው ከዳጣ ጋር ሲቀርብ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱና የሰው ቁጥሩ በወረቀት ካልደረሳቸው ጋሼ ምድጃ አይለኩሱም፣ አያጠፉምም። ያ መልእክት ከተነሣ ግን «መብላት ነው አልኩ፣ መብላት ነው» ብለው ይከራከራሉ።