ጥለቱ እንዳይሟሟ፦ ፎቶ እየሰቀልኩ የደረስኩበት

በመጨረሻ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ኢንስታግራም ላይ ሳይሟሟ ወጣልኝ። ይህን ለመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ስነግረው «እና?» አለኝ። እናንተ ግን ትረዱኛላችሁ። ኮምፒውተር ላይ ክሩ አንድ በአንድ የሚቆጠር ቀይ ጥለት፣ ስልክ ላይ ሲወጣ ወጥ የፈሰሰበት ነጠላ መስሎ ያየ ሰው ደስታዬ ይገባዋል። ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ልኩራና የሠራሁበትን ላካፍላችሁ።

ስለ አጀማመሬ ብዙ አልልም። እንደ አብዛኞቻችን በስልክ ጀመርኩ። ከዚያ ያገለገለ ካኖን፣ ከዚያ 50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ከዚያ የአክስት የአጎት ልጆችን ሁሉ «እስቲ እዚህ ጋ ቁሙልኝ» እያሉ ማስቸገር። እንጀራዬ ሌላ ነው፤ ፎቶ የቅዳሜና የእሁድ ነው። አሁን በብዛት የማነሳው የባህል ልብስ የለበሱ ሞዴሎችን ነው። ክፍያ የለም። እሷ ትቆማለች፣ እኔ አነሳለሁ፣ ፎቶውን ሁለታችንም እንጠቀምበታለን።

የት እንደምሰቅል ለሚጠይቁኝ፦ ለመማር ፍሊከር የሚባለው የፎቶ ድረ ገጽ፣ ለመታየት ኢንስታግራም። ፍሊከርን የምወደው ፎቶው በየትኛው ካሜራ፣ በየትኛው ሌንስ፣ በስንት አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) እና በስንት ሹተር (ፍጥነቱ) እንደተነሳ ከሥሩ ስለሚያሳይ ነው። ባለቤቱ ካልደበቀው በቀር ሁሉም እዚያ አለ። ኢንስታግራም ይህን ሁሉ አጥቦ ነው የሚያወጣው። ለኮርስ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ወር ፍሊከር ላይ ቁጭ ብላችሁ የምትወዱትን ፎቶ ቁጥሮች አንብቡ፣ የምሬን ነው። ነፃው አካውንት 1000 ፎቶ ላይ ይቆማል። ስማግማግ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ከገዛው በኋላ የመጣ ገደብ ነው፤ ያኔ ብዙ ሰው ተናዶ ወጥቷል። እኔ ገደቡን ወድጄዋለሁ። ያስመርጣል። 500ፒኤክስ የሚባለውን ሌላ የፎቶ ድረ ገጽም ሞክሬ ተውኩት። የፀሐይ መጥለቂያ በዛብኝ።

ኢንስታግራምን ግን መተው አይቻልም። ሞዴሎቹ እዚያ ናቸው፣ ዲዛይነሮቹ እዚያ ናቸው፣ ሽሮ ሜዳ የሚሸጡትም ሳይቀሩ ደንበኛ የሚያገኙት እዚያ ነው። ደግሞ የኛ ሰው በዚያ መንገድ ሩቅ ሲሄድ አይተናል። ፎቶግራፈሩ ግርማ በርታ የአዲስ አበባን ጎዳና ሰዎች በስልክ እያነሳ፣ ከጀርባቸው ያለውን ሁሉ አውጥቶ በደማቅ ቀለም ላይ እያቆመ ሲሰቅል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ጌቲ ኢሜጅስ የሚባለው የፎቶ ኩባንያና ኢንስታግራም በጋራ የሚሰጡትን ሽልማት ወሰደ። የሚገርመኝ ምርጫው ነው። ጀርባው አንድ ወጥ ቀለም ከሆነ ትንሽ ስክሪን ላይም ሰውየው ጎልቶ ይታያል። አስቦበት ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ለስልክ ግን ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

አሁን ወደ ጥለቱ።

ችግሩ የሚጀምረው ከመስቀላችን በፊት ካሜራው ላይ ነው። ካሜራ ብርሃኑን በራሱ ሲለካ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። ፍሬሙን ነጭ ቀሚስና ነጠላ ሲሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልማል። ነጩ ይቆሽሻል፣ ጠይሙ ፊት ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል። ጥምቀት ላይ ጃን ሜዳ ካሜራ ይዞ የገባ ሁሉ ያውቀዋል። አንዳንዶች «ስፖት ሜትሪንግ አድርገህ ፊቷ ላይ ለካ» ይላሉ፤ ካሜራው ብርሃኑን ከአንዲት ትንሽ ቦታ ብቻ ይለካ ማለት ነው። ይህ ደግሞ በተቃራኒው ነው የሚያጠፋው፤ ጠይሙን ፊት ግራጫ ላድርግ ብሎ ከልክ በላይ ያበራውና ነጠላው ይቃጠላል። እኔ የማደርገው ቀላል ነው። ኤክስፖዠሩን (የብርሃኑን መጠን) ትንሽ ወደ ፕላስ እገፋለሁ፣ ሂስቶግራሙ (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) በቀኝ በኩል ግድግዳውን እንዳይነካ እያየሁ። ሁልጊዜም በሮው፣ ካሜራው ያየውን ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ፋይል። በጄፔግ (ተጨምቆ በሚወጣው በተለመደው የፎቶ ፋይል) ብቻ የባህል ልብስ የሚያነሳ ሰው ድፍረቱን አደንቃለሁ።

በነገራችን ላይ ይህ የቆዳ ቀለም ነገር የኛ የጀማሪዎች ድክመት ብቻ አይደለም። በፊልም ዘመን ላብራቶሪዎች ቀለም የሚያስተካክሉበት የኮዳክ ካርድ ነበር፣ ሸርሊ ካርድ ይሉታል። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። የእሷ ፊት ልክ ከመጣ ሁሉም ልክ ነው ማለት ነበር። እና ፎቶ ቤት ያወጣነው የድሮ የቤተሰብ ፎቶ ላይ የአጎቶቻችን ዓይንና ጥርስ ብቻ የሚታየው ለምን እንደሆነ በከፊል ይገባችኋል።

ከዚያ የሚመጣው ከለር ስፔስ ነው፤ ፎቶው ሊይዛቸው የሚችላቸው ቀለሞች ክልል ማለት ነው። ካሜራው ሜኑ ውስጥ ኤስአርጂቢ እና አዶቢ አርጂቢ የሚል ምርጫ አለ። ብዙ የዩቲዩብ አስተማሪ «አዶቢ ሰፊ ነው፣ እሱን ምረጡ» ይላል። ሰፊ ነው፣ እውነት ነው። ለሕትመት ነው ግን። ፎቶው የትኛው ከለር ስፔስ እንደሆነ የሚናገረው መረጃ መንገድ ላይ ከወደቀ ወይም የሚያሳየው አፕ ካላነበበው ቀለሙ ይሞታል። ሞዴሏ አመዳም ሆና ትወጣለች። ቅባት ሳትቀባ የመጣች ነው የሚመስለው። እሷ ደግሞ የምትወቅሰው አፑን አይደለም፣ አንተን ነው። በሮው የምታነሱ ከሆነ የካሜራው ምርጫ ፋይሉን አይነካውም፤ ዋናው ላይትሩም ከሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ስታወጡ ኤስአርጂቢ ማድረግ ነው። ፎቶሾፕ ገብታችሁ የምትመለሱ ከሆነ ግን ደግማችሁ አረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ የሚቀየረው እዚያ ነው።

ይህን ሁሉ አስተካክዬም ጥለቱ ይሟሟ ነበር። ያበሳጨኝ ይሄ ነው። ፊቷ ልክ፣ ነጩ ልክ፣ ጥለቱ ጭቃ። ኔትወርኩን ወቀስኩ፣ ሌንሱን ወቀስኩ፣ ሌላ ሌንስ ተውሼም አየሁ። ያው ነው።

መልሱ ያለው ጄፔግ ውስጥ ነው። ጄፔግ ፎቶን ሲያሳንስ ብርሃኑንና ቀለሙን ለየብቻ ያስቀምጣል። የሰው ዓይን የብርሃን ልዩነት ላይ ስል ነው፣ የቀለም ዝርዝር ላይ ግን ሰነፍ ነው። ስለዚህ በተለመደው አሠራር ብርሃኑ በሙሉ ይያዝና ቀለሙ በግማሽ ወርድና በግማሽ ቁመት ይቀመጣል፤ ለአራት ፒክስል (ፎቶው የተሠራባቸው ትንንሽ ነጥቦች) አንድ ቀለም ማለት ነው። ለሰማይ፣ ለግድግዳ፣ ለፊት ምንም አይደለም፤ አታዩትም። ጥለት ላይ ግን ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ ክር ተጠጋግተው ነው ያሉት። ቀዩና አረንጓዴው ብርሃናቸው ተቀራራቢ ነው፤ የሚለያቸው ቀለማቸው ብቻ ነው። ቀለሙ ሲቆረጥ ሁለቱ ይደባለቁና ቡናማ ይሆናሉ። አለቀ። የትኛውም ውድ ሌንስ ይህን አያድንም።

እና ምን አደረግኩ? ልዩነቱን ከቀለም ወደ ብርሃን አዛወርኩት። ላይትሩም ላይ ማስክ (የመረጡትን ቦታ ብቻ የሚያስተካክል መሣሪያ) ከፍቼ ጥለቱን ብቻ በብሩሽ እቀባለሁ፣ ከዚያ ቀዩን ትንሽ አጨልማለሁ፣ አረንጓዴውንና ቢጫውን ትንሽ አበራለሁ። የቀዩን ሳቹሬሽንም (ድምቀቱን) ጥቂት አወርዳለሁ፤ ከልክ ያለፈ ቀይ ውስጡ ያለውን ክር ሁሉ ይውጠዋል። ማስኩን አትዝለሉ። ሙሉ ፎቶው ላይ ቀዩን ከነካችሁ ከንፈሯም ጉንጯም አብሮ ይሄዳል። ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጋችሁ ፈትሹት፦ ቀለም ጠፍቶም መስመሮቹ ከተለዩ ከተሰቀለም በኋላ ይለያሉ። ይቺን ዘዴ ማንም አላስተማረኝም፣ ስለዚህ ትንሽ ብኩራራባት አትፍረዱብኝ።

ሌላው መጠን ነው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ በቁም ሲይዙት ወርዱ 4000 ፒክስል ነው። ኢንስታግራም ወርዱን 1080 አድርጎ ነው ሲያሳይ የኖረው። አራት ፒክስል የነበረው ክር አንድ ፒክስል ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ሙሉ ቁመት ፎቶ ላይ ክር ይታይልኝ ብሎ መታገል ከንቱ ነው፤ የመጀመሪያው ስላይድ ሙሉ ቁመት፣ ሁለተኛው የደረቷ ጥበብ ቀረብ ብሎ፣ በቃ። ማሳነሱንም ራሳችሁ አድርጉት። እኔ 1080 በ1350 አድርጌ፣ ለስክሪን ሻርፕ (ጠርዙን ስል) አድርጌ፣ ኳሊቲውን 80 አካባቢ አውጥቼ ነው የምሰቅለው። ግዙፍ ፋይል ስትሰጡት አፑ እንዳሻው ይጨምቀዋል።

ከኮምፒውተር ወደ ስልክ የምታሻግሩበትም መንገድ ወሳኝ ነው። ሁላችንም ቴሌግራም ነን። እንደ ፎቶ ከላካችሁት መንገድ ላይ አንዴ ይጨመቃል፣ ኢንስታግራም ላይ ደግሞ ሁለተኛ። እንደ ፋይል ላኩት። ለሞዴሏም ስትልኩ እንዲሁ፤ አለበለዚያ የሷ ገጽ ላይ የሚወጣው ያንተ ስም ያለበት ጭቃ ነው። ኢንስታግራም ሴቲንግ ውስጥም በከፍተኛ ጥራት እንዲሰቅል የሚያደርግ ምርጫ አለ። ፓኬጅ ይበላል፣ ግን አብሩት፤ ካልሆነ የመሥሪያ ቤት ዋይፋይ ምን ይሠራል?

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ መሣሪያ ግን የእናቴ ስልክ ነው። ርካሽ ቴክኖ ነው፣ ስክሪኑ የተጫረ፣ ብርሃኑ ባትሪ እንዲቆይ ተብሎ ሁልጊዜ ዝቅ ያለ። ኤዲት አድርጌ ስጨርስ መጀመሪያ እሱ ላይ አየዋለሁ። ፎቶዬን የሚያየው ሰው በአብዛኛው ታክሲ ውስጥ ቆሞ፣ ፀሐይ ላይ፣ እንዲህ ባለ ስልክ ነው። ጨለማ ሙድ፣ ጥቁር ጀርባ፣ ጥላ ውስጥ የተደበቀ ፊት፣ ይህ ሁሉ ውድ ሞኒተር ላይ ያምራል። እናቴ «ልጅቷ የታለች?» ካለች ግን አልተሳካም። አከራካሪ እንደሆነ አውቃለሁ። ለኤግዚቢሽን የምታትሙ ከሆነ አትስሙኝ።

የሞዴሎችን ነገር ሳላነሳ አልለፍ። ብዙ ፎቶግራፈር ፎቶውን ከሰቀለ በኋላ ሞዴሏን ወር ሁለት ወር ያስጠብቃል። ነፃ የቆመችልህ ሰው ደመወዟ ፎቶው ነው፤ መጀመሪያ ለእሷ፣ ከዚያ ለገጽህ። እሷም ፊልተር ጭና ስትሰቅለው ይቆጨኛል፣ አልዋሽም። አንዷን «ቢያንስ ጥለቱን ተይልኝ» ብዬ ለምኛለሁ። ሳቀች፣ ከዚያም በፊልተሩ ሰቀለችው። ፊቱ የሷ ነው፣ ምን ትላላችሁ?

ፈቃድ ግን በጽሑፍ ይሁን። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዲታይ፣ እንዲባዛም ሆነ እንዲሸጥ አይፈቅድም፤ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ እንደ ሕዝባዊ በዓል ያሉትን ለይቶ ያስቀምጣል። ስለዚህ መስቀል አደባባይ ላይ የደመራን ሕዝብ ማንሳትና አንዲትን ልጅ ስቱዲዮ አቁሞ ማንሳት አንድ አይደሉም። እኔ አንድ ገጽ ወረቀት አለኝ፦ የት የት እንደምሰቅል፣ ለንግድ ይውል አይውል፣ ፊርማ። በተለይ አንስፕላሽ በሚባለው የነፃ ፎቶ ድረ ገጽ ላይ የምትሰቅሉ ተጠንቀቁ። እዚያ የተሰቀለን ፎቶ ማንም አውርዶ ሳያስፈቅድ፣ ስማችሁንም ሳይጠቅስ ለንግድ ሊጠቀምበት ይችላል። ብታጠፉት እንኳ ቀድሞ የወረደው አይመለስም። ሕንፃ፣ ቡና፣ ተራራ ይሁን። የሰው ፊት ግን ባለቤቷ ይህን ሁሉ ተረድታ ካልፈረመች እዚያ አይገባም ባይ ነኝ። ፎቶው መሃል ላይ ትልቅ ስም መጻፍም መከላከያ አይደለም። ሌባው በደቂቃ ያጠፋዋል፣ ተመልካቹ ግን ሁሌ ያየዋል።

ላይክ አልቆጥርም የሚለው ሰው አላምነውም። እኔ እቆጥራለሁ። ሰቅዬ በየአምስት ደቂቃው አያለሁ፣ ያ የደከምኩበት ጥለት ከአንድ የማኪያቶ ፎቶ ያነሰ ሲያገኝ ይከፋኛል፣ በማግስቱ ደግሞ ካሜራዬን ይዤ እወጣለሁ።

አሁን የቀረኝ ወርቃማው ክር ነው። ጥበቡ ውስጥ የሚያብለጨልጨው። ፎቶው ሲያንስና ሻርፕ ሲደረግ ነጭ ነጠብጣብ እየሆነ ይረጫል። ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ የሌንስ ማጣሪያ) ሞከርኩ፤ ብረት ላይ የሚንጸባረቅ ብርሃን ላይ ብዙም አይሠራም። ቅዳሜ መስኮቱ ላይ ትልቅ ነጭ አንሶላ ወጥሬ ብርሃኑን ላለሰልሰው ነው ያሰብኩት፣ ሻርፑንም ከጥበቡ ላይ በማስክ አነሳለሁ። ከዚህ የተሻለ መላ ያላችሁ ከቅዳሜ በፊት ንገሩኝ፤ ሞዴሏ ቀሚሱን የተዋሰችው እስከ እሁድ ብቻ ነው።