ዓሣም ቤተሰብም፦ ለቼሳፒክ ቤይ ሴንተር ኮንሶል ጀልባ ማዘጋጀት

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ ሳንዲ ፖይንት ላይ ሴንተር ኮንሶል፣ ማለትም መሪው ያለበት ሳጥን (ኮንሶሉ) መሃል ላይ የቆመ ክፍት ጀልባ፣ ለሚያወርድ ሰው ዋናው ጥያቄ የሞተሩ ጉልበት ሳይሆን የጀልባው ሆድ ቅርጽ ነው። የቤዩ ጥልቀት በአማካይ 21 ጫማ ያህል ብቻ ስለሆነ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጭርና ተከታታይ ይሆናል። ጠፍጣፋ ሆድ ያለው ጀልባ ቆመው ሲያጠምዱበት ይረጋል፤ ሲሮጥ ግን ወገብ ይሰብራል። ከኋላ በኩል 24 ዲግሪ የሾለው ደግሞ ማዕበሉን እየሰነጠቀ ይሄዳል፤ ሲቆም ግን ይወዛወዛል፣ ልጆችም ያጥወለውላቸዋል። ለሁለቱም ሥራ የሚያዋጣው ከ19 እስከ 21 ዲግሪ ያለው፣ ርዝመቱም 22 ጫማ አካባቢ የሆነው ነው።

ያገለገለ ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ነው። በብዙ አሮጌ ጀልባዎች ላይ በፋይበርግላሱ መሃል ጣውላ አለ፤ የብሎኑ ማሸጊያ ሲደርቅ ውሃ ይገባና ጣውላው ከውስጥ ይበሰብሳል። በፕላስቲክ መዶሻ አንኳኩት። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ዱብ ይላል። ሞተሩን ከፍ አድርጋችሁ የታችኛውን ጫፍ ስትጫኑት ግድግዳው ከተላወሰ ዋጋ መከራከሩ ራሱ ትርፉ ድካም ነው። ከሞተሩ ሁለት ነገር ይበቃል፦ የሲሊንደሮቹ ኮምፕሬሽን (የመጭመቅ ግፊት) እርስ በርስ ከ10 በመቶ በላይ አለመራራቁ፣ የማርሽ ዘይቱም ወተት አለመምሰሉ። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ውሃ የሚያግደው ማሸጊያ (ሲል) አልቋል ማለት ነው።

ብዙ ሰው ገንዘቡን ትልቅ ስክሪን ላይ ያፈሳል፤ ጀልባ የሚያሰምጠው ግን ሽቦ ነው። ከወለሉ ስር የሚጠራቀመውን ውሃ የሚያወጣው ቢልጅ ፓምፕ ተንሳፋፊ ማብሪያው በራሱ ፊውዝ በኩል ከባትሪው ጋር በቀጥታ ይገናኝ፤ በዋናው ማጥፊያ በኩል አይለፍ። ማጥፊያው ተዘግቶ ጀልባው ወደቡ ላይ ሲያድር ሌሊቱን ዝናብ ቢጥል የሚያድነው ይኸው ነው። ፊውዙ ከባትሪው ከ7 ኢንች አይራቅ። 5 አምፔር የሚወስድ ፓምፕ የሽቦው ደርሶ መልስ 30 ጫማ ከሆነ በ14 ቁጥር ሽቦ ላይ 0.38 ቮልት ገደማ ይጠፋል፤ የሚፈቀደው 3 በመቶ፣ በ12 ቮልት 0.36 ስለሆነ ወፈር ያለው 12 ቁጥር ይደረጋል። ሽቦው ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ፣ መጋጠሚያው ሲሞቅ ሙጫ የሚያወጣው ዓይነት ይሁን፤ መጋጠሚያውንም ውሃ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ እሰሩት። ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል በአንድ ክረምት አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ፓምፑ ላይ የተጻፈው 1,100 ጋሎን በሰዓትም ቢሆን ውሃውን 3 ጫማ ሽቅብ ሲገፋ ያን ያህል አያወጣም፤ ቱቦው ውስጡ ለስላሳ ይሁን፣ የተሸበሸበው ፍሰቱን ይይዛል።

መልህቁ ለጭቃና ለአሸዋ ጠፍጣፋ ክንፍ ያለው ይሻላል፤ ከፊቱ 20 ጫማ ያህል ሰንሰለት። የሚለቀቀው ገመድ የውሃው ጥልቀትና የጀልባው አፍንጫ ከውሃው በላይ ያለው ከፍታ ድምር ሰባት እጥፍ ነው፤ ጥልቀቱ 10 ጫማ፣ የአፍንጫው ከፍታ 3 ጫማ ከሆነ 13 በ7 ተባዝቶ 91 ጫማ ይለቀቃል። መልህቁ በጀልባው ኋላ በኩል በፍጹም አይታሰር፤ ያ በኩል ዝቅ ያለና ሞተር የተሸከመ ስለሆነ ማዕበሉ በላዩ ይገባል።

ለቤተሰቡ ጥላ፣ በኮንሶሉ ውስጥ ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ፣ ከውሃው ውስጥ ሆኖ ተጎትቶ የሚወርድ መሰላል። ሰው ሲዋኝ ሞተሩ ይጥፋ፤ ማርሹን ገለልተኛ ላይ መተው አይበቃም። ከ2021 ጀምሮ ከ26 ጫማ በታች ባለ ጀልባ ሲሮጥ ነጂው ከሞተር ማጥፊያው ገመድ ጋር መታሰር አለበት። ሜሪላንድ ውስጥ ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ የተወለደ ነጂ የጀልባ ደህንነት ሰርተፍኬት ይዞ ነው የሚወጣው። የላይፍ ጃኬቱ ልክ ለልጅ በኪሎው ይመረጣል፤ «ያድግበታል» ተብሎ ሰፊ አይገዛም፤ ውሃ ውስጥ በአንገቱ ወጥቶ ይሄዳል።

ባዶው 2,600 ፓውንድ የሆነ ጀልባ ሞተር፣ 70 ጋሎን ቤንዚን፣ ዕቃና ተጎታች ሲጨመርበት 4,700 ይጠጋል። የመኪናችሁን የመጎተት አቅም ከዚህ ጋር አመሳክሩ።

የቀረው የዓሣ መፈለጊያው ሴንሰር ነው። ከኋላ ግድግዳው በስተቀኝ፣ ከፕሮፔለሩ ራቅ ብሎ፣ የሆዱ መስመሮች አረፋ በማይለቁበት ቦታ ይገባል። አረፋ ካገኘው ጀልባው ሲሮጥ ስክሪኑ ባዶ ይሆናል፤ ስለዚህ ቀዳዳ ከመብሳት በፊት ቦታው በጊዜያዊ ሰሌዳ ይሞከራል።